ክሮተናችንን ማን ገደለው?

(ባለፈው ቅዳሜ ማምሻውን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በአንድ ግቢ ለተሰበሰብን የአበባ ወዳጆች ስለ ክሮተን፣ ቅጠሉ ባለ ብዙ ቀለም ስለሆነው የጌጥ ተክል፣ ያደረግሁት ንግግር ነው። የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ ጻፍሁት፤ የቀነስኩት ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ! ኧረ ጮክ በሉ! ሙቀቱ ድምፃችሁንም ወሰደው እንዴ? እንደምን አመሻችሁ!

ተመስገን፤ አልሐምዱሊላህ። ሌላ ከተማ ቢሆን ንግግሬን በአንቱታ እጀምር ነበር። ድሬ ነውና አንተም አንቺም ብል የሚቀየመኝ የለም። ከመካከላችሁ ግማሹን ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ጠመኔ የወረወርኩባችሁም እዚህ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። ይቅር በሉኝ፤ ዛሬ ጠመኔ አልያዝኩም።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ክሮተን ገዝቶ የሞተበት ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ? ከኋላ ያላችሁትም አውጡ፣ አትፈሩ። እኔም አውጥቻለሁ፣ ሁለቱንም እጄን። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰባት ክሮተን ገድያለሁ። ሰባት! አሁን ደግሞ ግቢዬ ውስጥ አሥራ አንድ አሉኝ፤ አንዱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ዛሬ የምናገረው በመካከሉ ምን እንደተማርኩ ነው። ሰባቱንም ስቀብር «ፀሐይ ገደለብኝ» እል ነበር። ፀሐይዋን አማኋት። ዋናዋ ገዳይ ግን እሷ አልነበረችም።

መጀመሪያ ስለ የትኛው ተክል እንደምናወራ እንስማማ። አንድ ዓመት ተማሪዎቼን «ለነገ የክሮተን ቅጠል ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። በማግሥቱ አንዱ ልጅ፣ ቤተሰቦቹ ደንገጎ ላይ የሚኖሩ፣ የቢሳና ቅንጣቢ ይዞ መጣ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ልጁ ግን አልተሳሳተም። ቢሳና በሳይንሳዊ ስሙ ክሮተን ማክሮስታኪየስ ነው፤ እውነተኛው ክሮተን እሱ ነው። እኛ ክሮተን የምንለው ባለ ብዙ ቀለሙ ተክል ስሙ ኮዲየም ቫሪጌተም ነው። ዘመዳማቾች ናቸው፣ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ግን ስሙን የወሰደው የአጎት ልጅ ነው። የቢሳና ቅጠል ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ እንደሚሆን አስተውላችኋል? ዝምድናው እንዲህ ብቅ ይላል እያልኩ ለራሴ እቀልዳለሁ። ለልጁ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

የእኛ ክሮተን አገሩ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ነው። ቀድመው ስለ እሱ ከጻፉት አውሮፓውያን አንዱ ሩምፊየስ የሚባል፣ በጀርመን ተወልዶ በኢንዶኔዥያ አምቦን ደሴት ላይ ለደች (ሆላንድ) የንግድ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ይህ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1670 ዓይኑ ጠፋ። የተክሎቹን ነገር ግን አልተወም፤ ሌላ ሰው እያስጻፈ ቀጠለ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ በአንድ ቅጠል ላይ የሚሰበሰብበትን ተክል ካየ በኋላ ዓይን ማጣት ምን ይመስላችኋል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ብቻ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። ቦታ፣ ውኃ፣ እጃችን። ውኃው ላይ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ እጨርሳለሁ።

አንደኛ፣ ቦታ።

ክሮተን የመጣበት አገር ሙቀት ያውቃል፤ ሙቀት ብርቁ አይደለም። ልዩነቱ አየሩ ነው። እዚያ ልብስ አጥባችሁ ብታሰጡ ውሎ አድሮም አይደርቅም። እኛ ዘንድ ግንቦት ላይስ? አንሶላውን አንዱን ጫፍ ሰቅላችሁ ሌላው ጫፍ ጋ ሳትደርሱ የመጀመሪያው ደርቋል! የክሮተን ቅጠል ማለት ያ አንሶላ ነው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እንኳ ቅጠሉ በአየር የሚያጣውን ያህል መሳብ ያቅተዋል። ከዳር ከዳር እያረረ ቡናማ ይሆናል። እኛ ምን እናደርጋለን? «ውኃ ጠማው» ብለን እንጨምርለታለን። ሥሩ ይበሰብሳል። ከላይ ነፋስ፣ ከታች እኛ!

ሌላው ሰው ደግሞ ፀሐይ ፈርቶ ሳሎን ያስገባዋል። እኔም አስገብቼ ነበር፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ዳንቴል አንጥፌለት። ከአራት ወር በኋላ የሚያወጣው አዲስ ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ጎመን አሳደግሁ። ቀይና ብርቱካናማው ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ብርሃን ሲያንሰው ቅጠሉ ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለመልቀም ሲል አረንጓዴውን ያበዛል፤ ማጌጡን ትቶ እንጀራውን ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ብርሃን ያስፈልገዋል፣ የደረቀ ነፋስና የጋለ ግድግዳ ደግሞ ይገድለዋል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቦታ ግቢያችሁ ውስጥ አለ? አለ። የጠዋት ፀሐይ ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ጥላ የሚወድቅበት፣ ነፋስ የማይገርፈው ቦታ። ከኒም ዛፍ ሥር በጣም ጥሩ ነው፤ የኒም ጥላ እንደ ወንፊት ነው፣ ብርሃኑ በቅጠሉ መካከል ይንጠባጠባል። እኔ ቦታ የምመርጠው በመዳፌ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሂዱና መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ፣ የቆርቆሮ አጥርም ከሆነ አጥሩ ላይ ለጥፉ። አምስት ድረስ ቆጥራችሁ ካነሳችሁት ክሮተናችሁ እዚያ አይኖርም። ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ሲመሽም ሙቀቱን እየተፋ ያመሻል።

ስለ አንድ ነገር ግን እናመስግን። አዲስ አበባ ያለች እህቴ ክሮተኗን ውጪ ተክላ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ አጨማዶባታል። ይህ ተክል ከ10 ዲግሪ በታች አይወድም። እኛ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ክረምትም በጋም ብርድ አይገድለውም። እነሱ በመስኮት ውስጥ የሚያሳድጉትን እኛ መሬት ላይ መትከል እንችላለን። በቃ፣ አንዴም ቢሆን ድሬ ትብለጥ!

ሁለተኛ፣ ውኃ። እዚህ ላይ ልብ በሉ።

ይህን አያችሁ? በፌስታል ያመጣሁት ነው። ወደ ፊት ያላችሁ ንኩት። ምን ይመስላል? «የድንጋይ ቅርፊት» አልሽ? ትክክል ነሽ። ከየት ያመጣሁት ይመስላችኋል? ከማንቆርቆሪያዬ! ዛሬ ጠዋት በቢላዋ ጀርባ መትቼ ያነሳሁት ነው። ውፍረቱ የሳንቲም ያህል ነው። ሁላችሁም ቤት አለ። አሁን እዩ፣ አቼቶ ጠብ አደርግበታለሁ። ሰማችሁ? ይንሿሿል። አረፋ አወጣ። ይህ ኖራ ነው። ውኃችን የሚመጣው ከከርሰ ምድር ነው፣ ከሳቢያን ጉድጓዶችና ከመሰሎቻቸው። ከሥራችን ያለው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ ለምን እዚህ ተተከለ ትላላችሁ? ለሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ እዚህ ስላለ ነዋ። ውኃው በዚያ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ይመጣል፣ ኖራውን ሟሙቶ ተሸክሞ።

እኛ ለምደነዋል። ሻይ እናፈላበታለን፣ ፀጉራችንን እንታጠብበታለን፣ ፀጉራችን ገመድ ይሆናል፣ እንኖራለን። ክሮተን ግን ጎምዛዛ፣ አሲዳማ አፈር የለመደ ነው፤ ውቅያኖስ ዳር ዝናብ ሲያጥበው የኖረ አፈር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሚያሳፍረኝ ነው። ሦስተኛው ክሮተኔ ፔትራ የሚባለው ዓይነት ነበር። አንድ ዓመት አዳዲሶቹ ቅጠሎች እያበሩ፣ ቢጫ እየሆኑ፣ ወርቅ እየመሰሉ ወጡ። ጎረቤት ጠራሁ። ቡና አፈላሁ። «እዩልኝ እንዴት አማረ!» አልኩ። ፎቶ አነሳን። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እኮ! በሦስተኛው ወር ቅጠሎቹ ነጭ ወደ መሆን ሄዱ፣ ጫፋቸው አረረ፣ ከላይ ወደ ታች ደረቀ። ያ ወርቅ ደም ማነስ ኖሯል። በሽታውን ጌጥ ብዬ ቡና አፍልቼ አስመርቄዋለሁ።

የዚህ ተክል ክፋቱ ይህ ነው፤ ሌላ ተክል ቢጫ ሲሆን ትደነግጣላችሁ፣ ክሮተን ቢጫ ሲሆን ታጨበጭባላችሁ። ታዲያ በምን ትለዩታላችሁ? ፔትራን ይዛችሁ ተመልከቱ። ጤነኛ ሲሆን ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ሥሮቹ፣ ማለቴ ቅጠሉ ላይ የተዘረጉት ደም ሥሮች፣ ቢጫ ወይም ቀይ ናቸው። ሲታመም ተገልብጦ ይመጣል፤ ሥሮቹ አረንጓዴ ይቀራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ገረጣ ይላል። በዚያ ላይ የሚጀምረው ከአዲሱ፣ ከላይኛው ቅጠል ነው። ጤነኛ፦ ሥሩ ቢጫ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ። በሽተኛ፦ ሥሩ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ገርጣ። ድገሙልኝ! ... ጎበዞች።

ያጣው ብረት ነው። ብረት እያለው ያጣው ብረት! አፈራችንን ቀይ ያደረገው ብረት ነው እኮ። ነገር ግን ኖራው ሲበዛ ብረቱ ሥሩ ሊወስደው በማይችለው መልክ ይታሰራል። ጎተራው ሞልቶ ቁልፍ ጠፍቶበት የሚራብ ሰው አስቡ። ሚስማር የቀበራችሁ አላችሁ? አታፍሩ፣ እኔም ቀብሬያለሁ፣ ግማሽ ኪሎ። ሚስማሩ ዝጎ እዚያው ይቀመጣል፤ ተቆልፎ የቆመ ጎተራ ላይ ሌላ ኩንታል መጫን ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? መድኃኒቱ ከሰማይ ነው የሚወርደው። ስሌቱን አብረን እንሥራ፣ ክፍል ውስጥ እንደነበርነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። ድሬ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብላታል። ጣሪያችሁ 40 ካሬ ቢሆን ስንት ሊትር? ሃያ አራት ሺህ። አራቱን ሺህ ለአቧራውና ለሚፈሰው ተዉት። ሃያ ሺህ ሊትር ማለት አንድ ሺህ ጀሪካን ነው! አንድ ሺህ ጀሪካን ኖራ የሌለው ውኃ በየዓመቱ ከጣሪያችን ወርዶ በቦዩ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይሄዳል፣ እኛ ከበስተኋላው ባዶ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። እኔ በሙቀቱ ወራት መሬት ለተተከለ አንድ ትልቅ ክሮተን በሳምንት 20 ሊትር እሰጣለሁ፣ በሁለት ቀን ከፍዬ። ባለ 1,000 ሊትር አንድ ሮቶ ለአንድ ቁጥቋጦ 50 ሳምንት ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ግን ጣሪያውን ያጥብ፣ እሱን አትቅዱት።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ መስሏችሁ? ከሽንት ቤት መሄጃ ነው። አትሳቁ! በአማቴ ግቢ ከቤቱ ምሥራቅ በኩል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። አማቴ አንድ የተሰነጠቀ የክሮተን ማሰሮ «ለመጣል» እዚያ አስቀመጠች፤ ረሳችው። ማሰሮው ተሰበረ፣ ሥሩ መሬት ገባ። እኔ የምንከባከበው ሲሞት ያ የተጣለው አጥር በለጠ። ቅናት ያዘኝ። አንድ ቀን ሐምሌ ላይ ዝናብ ይዞኝ እዚያች መተላለፊያ ውስጥ ቆምኩ። ቀና ብል የአሸንዳው መገጣጠሚያ ተላቋል፤ የጣሪያው ውኃ ግማሹ የሚወርደው ክሮተኑ ሥር ነው። ግድግዳው ከሰዓት በኋላ ጥላ ይጥልበታል፣ ነፋስ አያገኘውም፣ የሚነካው ሰው የለም። የአማቴ የተለየ የዕፅዋት ጥበብ አልነበረም ማለት ነው። አሸንዳውን ልጠግን ብላ ስትነሳ «እማዬ፣ በሞቴ ተዪው» አልኳት።

ዝናብ ያላጠራቀማችሁስ? ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ ኖራው ማንቆርቆሪያው ላይ ይቀራል፣ ከላይ ያለውን ቅዱ። ወይም በ10 ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ። ይህ ለጊዜው ነው፤ አቼቶው አፈር ውስጥ ባሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ይበላል። ተክሉ ከገረጣ ደግሞ ከእርሻ መድኃኒት መሸጫ የሚገኝ የብረት ኪሌት፣ ብረቱ በኖራ እንዳይታሰር ተደርጎ የተዘጋጀ ማዳበሪያ፣ አለ፤ ጽሑፉን አንብቡ፣ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚለውን እንጂ ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለውን አትግዙ። ሁለተኛው በእንደኛ ዓይነት ኖራ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። የቡና አተላስ? በየቀኑ ትጠይቁኛላችሁ። አተላው ጎምዛዛ የሚባለውን ያህል አይደለም። አፈሩን ያለሰልሳል፣ ስስ አድርጋችሁ በትኑት፣ ግን ተአምር አትጠብቁ።

አሸዋም እንዲሁ። ከወንዙ አሸዋ ዝቃችሁ አፈር ልትቀላቅሉ ከሆነ አስቀድማችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። እኔ ያመጣሁት ተንሿሽቷል። የሚንሿሽ ከሆነ ለግንበኛ ስጡት።

ሦስተኛ፣ እጃችን። አቦ፣ ይህ እጃችን!

ክሮተን ቦታ ሲቀየር ይቀየማል። ከችግኝ ጣቢያ ጥላ አውጥታችሁ ግቢ ስታስገቡት ቅጠሉን ያራግፋል። ባዶ እንጨት ሆኖ ይቆማል። እኛ ደግሞ ወይ ቆፍረን ሌላ ቦታ እንወስደዋለን፣ ወይ ውኃ እናበዛለታለን፣ ወይ ትኩስ ፍግ እንጭንበታለን። ቅጠል የሌለው ተክል ውኃ በምኑ ይጠጣል? ከሰባቱ ሦስቱን የገደልኳቸው እንዲህ ነው፣ በፍቅር። ግንዱን በጥፍራችሁ ትንሽ ጫር አድርጉ። ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። አፈሩ ውስጥ ሁለት የጣት አንጓ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ተዉት። ሲገዙት ደግሞ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ፀሐይ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት።

ሌላው ጥቁሩ ፕላስቲክ ነው። ጥቁር ከረጢት ፀሐይ ላይ ስታቆሙት ሥሩ ይቀቀላል። ማሰሮ ላይ የምታሳድጉ ከሆነ ማሰሮውን ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስገቡና መካከሉን በአሸዋ ሞልታችሁ አሸዋውን አርጥቡ። ገንቦ ውኃ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ለድሬ ሰው አልነግርም።

ቅጠሉ ላይ ውኃ መርጨት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያርሰው፤ በቧንቧ ውኃ ከሆነ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ ያለብሰዋል። ግን አንድ ጥቅም አለው። በደረቅ ወራት ቀይ ሸረሪት የምንላት ተባይ ትመጣለች፤ በዓይን በቀላሉ አትታይም። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ዘርግታችሁ ቅጠሉን ጠፍ ጠፍ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የሚራመድ አቧራ ካያችሁ እሷ ናት። በሳምንት አንዴ የቅጠሉን ጀርባ በውኃ ግፊት እጠቡ፣ ጠዋት። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ ከኋላ ጥያቄ አለ። «ሰው የሚጠጣው ሳያገኝ ለጌጥ ተክል ውኃ ማፍሰስ ነውር አይደለም ወይ?» አልክ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። በክሮተን አጥር ልጠር ለሚል ሰው መልሴ «አትጠር» ነው። ለአጥር ቡገንቪሊያ አለ፣ ለመንገድ ኒም አለ፤ ከተማችን ያውቃቸዋል፣ በጥቂት ውኃ ይኖራሉ። ክሮተን አንድ ወይም ሁለት ትከሉ፣ የጣሪያችሁ ዝናብ የቻለውን ያህል። ሮቶው ባዶ ከሆነ አትትከሉ። እኔ አሥራ አንድ አሉኝ ብያችኋለሁ፤ ሁለት ጣሪያና አራት ሮቶ አለኝ፣ እሱም ሲያንሰኝ ሚያዝያ ላይ አፈላለሁ። ከአሥራ አንዱም አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው።

ለማራባት ጊዜው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፣ አየሩ ሲርስ። የእጅ መዳፍ የሚያክል ጫፍ ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሱ፣ ነጭ ደሙ እስኪቆም ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሩት። የቀሩትን ቅጠሎች እንደ ጃንጥላ ሰብስባችሁ በክር እሰሩ፤ ትንፋሹ ይቀንሳል። ተክላችሁ ሃይላንድ ለሁለት ቆርጣችሁ ድፉበት፣ ጥላ ውስጥ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። በመካከል «ሥር አወጣ ወይ?» ብሎ እየነቀለ የሚያይ ሰው አለ። አንተን ነው የማየው!

ነጭ ደሙ ቆዳ ያሳክካል፣ ሕፃን እንዳያኝከው፣ ዓይን እንዳይነካ። ልብስ ላይ ካረፈ መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ኦሞም በረኪናም አያነሳውም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ጠዋት «አንዲት ቅርንጫፍ ልቁረጥላት፣ ለጠረጴዛው ታምራለች» ብዬ የሀበሻ ቀሚሴን እንደለበስኩ ገባሁበት። በፎቶው ላይ ሁሉ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የቆምኩት ለትሕትና አይደለም።

ጨረስኩ። ከበሩ አጠገብ ያለው ሳፋ ውስጥ ሃያ ሁለት ቁራጮች አሉ፣ ከአማቴው ክሮተን ዛሬ ጠዋት የቆረጥኳቸው። አንድ አንድ ውሰዱ። ነጭ የለበሳችሁ በሰው አስነሱ።